የበክት ጸጉር

ሚያዝያ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ሁሉ ሞራ ሞራ ይሸታል። መጋረጃዎቹን አጥቤ ሰቀልኳቸው፤ አሁንም ይሸታል። ሸዋንግዛው ደም የነካውን ሱሪውን አልጋው ላይ ጥሎት ስለ ወጣ በእንጨት ጫፍ አንስቼ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ያገባሁት ባሌን እንጂ ሥራውን አይደለም እላለሁ። ሥራው ግን በየቀኑ አብሮን ይተኛል።

ከጦሩ በጡረታ ከተሰናበተ ወዲህ፣ ከከተማው ወዲያ በሊበን ሜዳ ላይ ለሰፈረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ሥጋ የሚያቀርበው እሱ ነው። በሁዳዴ ትንሽ አርፈን ነበር። አሁን በዓለ ሃምሳ ገባ። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሁለት መቶ ሠራተኛ በየቀኑ ሥጋ ይጠብቃል። «ሃምሳ ቀን እንቅልፍ የለኝም» ይላል፣ እየሳቀ።

አንድ ደስ የሚል ወሬ አለ። ቅዳሜ ክብረ መንግሥት በግ ገበያ ይዞኝ ሊሄድ ነው። እዚህ ቆላ ያለው በግ ጸጉሩ እንደ ፍየል ስስ ነው፤ እንዝርት ላይ አይወጣም። ክብረ መንግሥት ግን ከቦሬ ደጋ የሚወርድ ጸጉራም በግ ይመጣል ይባላል። ሰባት ዓመት ሙሉ የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ ሴት ልጆቹን ጥጥ ብቻ ሳስፈትል ኖሬአለሁ። መንዝ ተወልጄ፣ በአክስቴ በእናትነሽ እጅ የበግ ጸጉር መፍተል ተምሬ፣ ጥጥ ብቻ!

ሚያዝያ 29

ትናንት ተመለስን። ወገቤን ያመኛል፤ ልቤ ግን ሞልቷል።

መጀመሪያ አስቀያሚውን ልጻፍና ይውጣልኝ። ያደርንበት ሆቴል ትኋኑ ግድግዳው ላይ ተሰልፎ ይሄዳል። አንሶላው ላይ የሌላ ሰው ጸጉር አገኘሁ። ለሸዋንግዛው ከገጠር በግ የሚገዛለት አብዱባ እራት አብሮን በላ፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር እያየሁ አንድ ጉርሻ አልዋጥ አለኝ። ዓይን አያይም ይሄ ሰውዬ። ሲያናግሩት ጫማ ነው የሚያየው።

ገበያው ግን! ጎህ ሲቀድ ደረስን። ጭጋጉ ወፍራም ስለነበር በጎቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። ቀስ በቀስ ቀይ፣ ቡናማ፣ ዳለቻ ጀርባ ብቅ ብቅ ይል ጀመር። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፎጣ ጣል አድርገውበት፣ በጣት ይከራከራሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ የለሁበትም። እጄን ከአንዱ በግ ጀርባ ወደ ሌላው እያሳለፍኩ ሄድኩ። አንዱ ሸካራ፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጭቃ የነገሠበት። ከዚያ አንዲት ዳለቻ በግ ላይ እጄ እስከ አንጓዬ ሰመጠ። ውስጡ ይሞቃል፤ ጣቴ በወዙ ረጠበ። የበግ ወዝ ሽታው እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!

ባለቤቷ የጉጂ ሴት ናት፤ ዲንኪቱ ትባላለች፤ እኩያዬ ትሆናለች። ብዙ ቆማ ካየችኝ በኋላ፣

«አካም፣ ናጋ?» አለችኝ።

«ናጋ» አልኳት።

«ሆላውን፣ በጉን፣ ትገዣለሽ ወይስ እንዲህ ስትዳብሺ ትውያለሽ?»

«የምፈልገው ጸጉሩን ነው።»

«ሥጋውን ትተሽ? ጸጉር ትበያለሽ እንዴ?» ብላ እየሳቀች ለጎረቤቶቿ በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

ከበጓ ጎን ትንሽ ቆንጥሬ፣ በጣቴ አፍታትቼ፣ እንዝርቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አሾርኩት። ክሩ እየረዘመ ሲወጣ ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ክሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሊበጥሱት ሞከሩ፤ አልበጠስ አላቸው። ዲንኪቱ በጓን ጥላ ጉልበቷን ጫነችባት፤ እኔ በመቀስ ሸለትኳት። አንድም ቦታ አላቆሰልኳት። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

«ሌላ ጊዜ ስትመጪ ሳልሸልት አቆይልሻለሁ» አለችኝ ስንለያይ። «አንቺ በግ የሚገባሽ ሰው ነሽ።»

ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል የነገረኝ የለም።

ግንቦት 3

የዲንኪቱን ጸጉር በእንዶድ አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ በደጋን ነድፌ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የደጋኑ ጅማት ድው ድው ሲል ጸጉሩ እንደ ደመና ይነፋል። አሥራ አንዱም ልጆች አፋቸውን ከፍተው አዩ። ከሁሉም እጇ የሚፈጥነው ደመቀች ናት፤ የወታደር ልጅ ናት፣ አባቷ ሞቷል። የፈተለችውን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ልስላሴውን ትለካለች። አልከለከልኳትም። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ።

ለወላጆች ቀን አንድ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ እናስሸምናለን ብዬ ለዲሬክተሩ ቃል ገባሁ። ጸጉሩ ግን አይበቃም።

ግንቦት 8

ሸዋንግዛው ከክብረ መንግሥት በኩል ሲመለስ ሁለት ጆንያ ሙሉ ጸጉር ይዞልኝ መጣ! በር ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ፈገግ ይላል። «ሚስቴ ለምን ገበያ ለገበያ ትንከራተታለች ብዬ ነው» አለኝ። አቀፍኩት።

ጆንያውን ስፈታ የወጣው ሽታ ግን ወደ ኋላ መለሰኝ።

«ምን ነክቶት ነው?»

«ጆንያው መኪና ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለ ዋለ ነው። እጠቢው።»

ሦስት ጊዜ በእንዶድ አጠብኩት። ሽታው ቀንሷል። በመቀስ የተቆረጠ ጸጉር ጫፉ ልሙጥ ነው፤ ይሄኛው ሥሩ ላይ ነጭ ነጭ ቅንጣት አለው፤ እፍኝ እፍኝ ሆኖ የተነቀለ ይመስላል። ፎረፎር ይሆናል። የደጋ በግ ፎረፎር ይወጣዋል። አክስቴ እናትነሽ እንዲህ ዓይነቱን ጸጉር አገላብጣ አይታ ከአጥር ውጭ ስትጥለው አስታውሳለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ሸዋንግዛው ደክሞት ተኝቷል። ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው መሆኑን እዚህ ልጻፈው።

ግንቦት 9

አንዱን ጆንያ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። «የሥራ ሽታ ነው» አልኳቸው። ተቻኩያለሁ፤ ደወል ተደወለ።

ግንቦት 12

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የካምፑ ወጥ ቤት ወልደየሱስ ከሸዋንግዛው ጋር ጓሮ ቆሞ አገኘሁት። እኔን አላዩኝም። ማድ ቤት ገብቼ እቃ ሳጥብ በግድግዳው ሽንቁር ይሰማኛል። ልሰማ ብዬ አልነበረም።

«ሃምሳ አለቃ፣ የትናንቶቹ በጎች ደማቸው አልወረደም። ሥጋው ውስጥ ቀርቷል። ጥቁር ነው፣ ልክ እንደ ሬንጅ።»

«ሙቀቱ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ማነው ያረዳቸው?»

«እኔ ነኝ። በስመ አብ ብዬ፣ ባርኬ።»

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ… እኔ በርበሬ አብዝቼ ሠራሁት። ግን ስበልተው እጄን እየቀፈፈኝ ነው።»

«ወጥ ቤት ነህ ወይስ ሐኪም? ካቃተህ ሌላ ወጥ ቤት ሞልቷል።»

ወልደየሱስ ሦስት ልጆች አሉት። ሲወጣ በማድ ቤቱ በር አለፈና «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ወለተሐና» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ሸዋንግዛው ከሁለት ሳምንት ወዲህ በግ ሲያርድ አላየሁትም። ካምፑ አጠገብ ነው የሚያርደው መሰለኝ። የሱሪው ደምም ቀርቷል። ይሻላል፤ እጥበቱ ሰልችቶኝ ነበር።

ግንቦት 14

ግራ እጄ ላይ፣ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ቀይ እብጠት ወጥቷል። ያሳክካል። ትኋን ይሆናል፤ ከሆቴሉ ተከትሎኝ መጥቶ ይሆናል። አልጋውን በሙሉ አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት።

ግንቦት 16

መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ቀድሪያ ለሾፌሮች ስታወራ ሰማሁ። «ካምፑ ውስጥ ሰው እየታመመ ነው። ደም ያስቀምጣቸዋል። የእኛዎቹ ለብቻ አርደው ስለሚበሉ ደህና ናቸው። ክርስቲያኖቹ ናቸው የወደቁት።» ስታየኝ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ሻይ ቅጅልኝ ስላት ስኳር አልቋል አለችኝ። ስኳሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ቤት ገብቼ ሸዋንግዛውን ጠየቅኩት። «ውሃው ነው» አለ። «ኩሬ ውሃ ነው የሚጠጡት። እነሱ ውሃቸውን አያፈሉ፣ ጣጣው ለእኔ።»

ውሃው ይሆናል።

በዚህ ሳምንት እኛ ቤት የተበላው እንቁላልና ሽሮ ነው። በበዓለ ሃምሳ ሽሮ! «ሥጋ ሰለቸኝ» አለኝ። እሱን ሥጋ ሰለቸው!

እብጠቱ ውሃ ቋጥሯል። አያምም። የሚገርመው አለማመሙ ነው።

ግንቦት 19

ወልደየሱስ ሞተ።

ዓርብ ሲያስመልሰው አመሸ አሉ፤ ቅዳሜ ሆዱ ተነፋ፤ ዛሬ ጠዋት አለፈ። ቀብር ነበርን። ሚስቱ ስታለቅስ እጁን እያነሳች ታሳይ ነበር፤ አውራ ጣቱና ክንዱ ላይ ጥቁር ጥቁር ቁስል አለ። ሰው ሁሉ ከእሳት ነው፣ ከድስት ነው ይላል። እኔ እጅጌዬን እስከ መዳፌ ጎትቼ ቆሜ ነበር። የእኔም መሐሉ ጠቁሯል። እንደ ከሰል ነው፤ ዙሪያው አብጧል።

ሸዋንግዛው ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሲመለስ እጁን ረጅም ጊዜ ታጠበ። እኔ ነኝ ውሃ ያፈሰስኩለት። «በቃ፣ ነጻ» አልኩት። አሁንም ይታጠባል።

አስጠላኝ። ለምን እንዳስጠላኝ አልጽፍም።

ግንቦት 21

ደመቀች ዛሬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ገልጬ አየሁት። ጉንጯ ላይ ነው፣ ከዓይኗ ሥር። የእኔው ዓይነት።

ግንቦት 22

ደመቀችን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰር ኃይለማርያም ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ዓይኗን ወደ ላይ እያስከፈተ ደጋግሞ አየና፣

«የሞተ ከብት ነክታለች? ቆዳ፣ ጸጉር፣ ሥጋ?» አለኝ።

«የከተማ ልጅ ናት» አልኩት።

«ትምህርት ቤት የምታስፈትሏቸው ምንድን ነው?»

«ጥጥ ነው።»

ጥጥ ነው አልኩ። አፌ ነው ያለው። ደመቀች ቀና ብላ አየችኝና ምንም አልተናገረችም፤ መምህሯ ነኛ። ድሬሰሩ ቅባት ብቻ ሰጣት። እኔ እጄን ከኋላዬ ይዤው ነበር።

ግንቦት 25፣ ክብረ መንግሥት

ለሸዋንግዛው ለወላጆች ቀን ቀለም ልገዛ ነው ብዬ በሰው መኪና ብቻዬን መጣሁ። ለምን እንደመጣሁ ለራሴም ደፍሬ አልነገርኩትም።

ገበያው ግማሹ ባዶ ነው። ባለፈው እጄን ያሞቀው ቦታ ላይ ፋንድያና ዝንብ ብቻ ቀርቷል። ዲንኪቱን በመከራ አገኘኋት። በግ አልያዘችም፤ ቅቤ ነው የምትሸጠው። «አካም» አልኳት። አልመለሰችልኝም።

«ምን አደረግኩሽ?»

«አንቺ ምንም። ሰውዬሽ ነው እንጂ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሆላ ዱኤ። ሞተ፣ ሞተ፣ ሞተ! ጠዋት ይግጣል፣ ቀትር ላይ ይወድቃል፤ ከአፍንጫው ደም ይወጣል። አባሰንጋ ነው። እኛ አንነካውም። እሾህ ከምረንበት እናቃጥለዋለን። የሰውዬሽ መኪና ይመጣል፤ አብዱባ ከእሾሁ ሥር ጎትቶ ያወጣዋል። አባቴ ከለከሉት። 'ለጅብ ወጥመድ ነው' አላቸው።»

«መቼ ጀመረ?»

«አንቺ እዚህ መጥተሽ በሄድሽ ሳምንት።»

እጄን አየችው። እጅጌዬን ሳልጠይቃት ከፍ አደረገችውና ወዲያው ለቀቀችው፤ እጇን በሣር አሸች።

«ጸጉሩንም ወሰድሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቅቤዋን አንስታ ሌላ ቦታ ሄዳ ተቀመጠች።

ይሄን የምጽፈው መኪና ስጠብቅ ነው። ወልደየሱስ «እጄን እየቀፈፈኝ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። በእጄ ሰሃን እያጠብኩ ሰምቻለሁ።

ግንቦት 26

ዛሬ ሁሉንም ልጽፈው ነው።

በመጀመሪያ ውሸቴን። አክስቴን ለምን ጸጉሩን እንደምትጥል ጠይቄያት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ይሄ የሞተ በግ ጸጉር ነው፤ ሥሩን እይ፤ በመቀስ የወጣ አይደለም፤ ቆዳው ሲበሰብስ ነው የለቀቀው። በክት ነው፤ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። ጆንያው የተፈታ ዕለት ጣቴ ሁሉን አውቋል። ጣቴ እያወቀ ነው ሦስት ጊዜ ያጠብኩት። እያወቅኩ ነው አሥራ አንድ ልጆች እጅ ላይ ያኖርኩት። ባና ፈልጌ ነው። ዲሬክተሩ እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ነው። ባሌም ደግ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቼ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ዲንኪቱን አገኘኋት» አልኩት።

የቱ ዲንኪቱ አላለኝም። ወለሉን አየ። ልክ እንደ አብዱባ።

«መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም» አለ። «መኪና ላይ ነው አሥራ አንድ የሞቱብኝ። በነጋታው ካምፑ ባዶ ድስት ሊጥድ ነው። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር፣ ወለቴ። ተበላ፤ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አብዱባ የወደቀ ሌላ አለ አለኝ።»

«አረድኩ ብለህ ለወልደየሱስ ማልክለት።»

«አንገታቸውን ቆርጫለሁ።»

«ሞተው ካደሩ በኋላ! አንተ በላህ?»

እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደበቀ።

«እኔስ? እኔን አበላኸኝ?»

«አንድም ቀን!» ብሎ ተነሣ። «አንድም ቀን ላንቺ እዚህ ቤት አላስገባሁም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው!»

«ጸጉሩን አስገባህልኝ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁት። አሥራ ሁለት ቀን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አላየውም ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ሊነካኝ እጁን ዘረጋ፤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ያ እጅ ፊቴን ሲዳብስ የኖረ እጅ ነው። ዛሬ ከሆቴሉ አንሶላ የባሰ ቀፈፈኝ።

«ደስ እንዲልሽ ነበር» አለኝ። «ጸጉሩ ሲጣል ሳይ፣ ወለቴን ደስ ይላታል አልኩ።»

ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ፣ «ከተናገርሽ አብረን ነው የምንወድቀው። ትምህርት ቤት የወሰድሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው።

ግንቦት 27

ጠዋት። ቤት የቀረውን ጆንያ በሌላ ጆንያ ከትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩ። ድሬሰር ኃይለማርያም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ጥጥ አይደለም» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ብድግ ብሎ መስኮቱን ከፈተና «ልጅቷን ቶሎ አምጧት» አለ። ወደ ካምፑ ሰው ላከ። ለእኔም መርፌ ወጋኝ። ፔኒሲሊን።

ደመቀች ግማሽ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ድሬሰሩ ባለፈው ረቡዕ ብትነግሩኝ ኖሮ አላለኝም። እኔ ግን በየደቂቃው እሰማዋለሁ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ቃሌን ሰጠሁ። የመቶ አለቃው «በባልሽ ላይ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። «በባሌና በራሴ ላይ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈና ከከተማው እንዳትወጪ ብሎ ለቀቀኝ።

ግንቦት 28

ሸዋንግዛውን ከካምፑ በር ላይ ያዙት። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር አሉ። ከመኪናው ስድስት በግ ወጣ፤ ተነፍተዋል። ሠራተኞቹ ድንጋይ አነሱ፤ ፖሊሶቹ ናቸው ያዳኑት። አብዱባ የለም፤ በዱብሉቅ በኩል አልፏል፣ ድንበር ተሻግሮ ይሆናል ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ጸጉሩን ሁሉ አቃጠልን። ድሬሰሩ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ አስቆፈረ። ልጆቹ የፈተሉትን ልቃቂት በየቤቱ እየዞርኩ ሰበሰብኩ። አንዳንዱ ቤት በእንጨት ወረወሩልኝ። የዲንኪቱ ንጹሕ ጸጉርም ከሌላው ጋር ተደባልቋልና አብሮ ገባ። ደጋኑም፣ እንዝርቶቹም። ጸጉር ሲቃጠል ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ያ ጢስ ልብሴን ለቆ የሚወጣ አልመሰለኝም።

ዲሬክተሩ እስክትጠሪ ቤትሽ ቆዪ አሉኝ።

ሰኔ 2

ከካምፑ አንድ ተጨማሪ ሰው ሞተ፤ ከሐማሴን የመጣ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሌሎቹ መርፌ እየተወጉ ነው፤ ይድናሉ አለኝ ኃይለማርያም።

ደመቀች ዓይኗ ተከፈተ! ታያለች። ጠባሳው ግን ይቀራል፤ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ይጎትተዋል።

እናቷ ሐረገወይን ቤቴ መጣች። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ደጃፉን አላለፈችም።

«ልጄ 'እትዬ ጥጥ ነው ስትል ዝም አልኩ፣ እትዬ ታውቃለች ብዬ ነው' ትለኛለች» አለችኝ። «እኔ ላንቺ የምለው የለኝም። እሷ ግን መፍተል መቼ እንጀምራለን እያለች ነው። እስቲ አንቺ ራስሽ ንገሪያት፣ ምን እንደምትያት።»

ሄጄ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ሁሉንም፣ ጥጥ ነው ያልኩትንም። ሰማችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትክክል ነች። ብዙ ተቀመጥኩ፤ አልዞረችም።

ሰኔ 5

የእጄ ቅርፊት ወደቀ። ሥሩ ሮዝ ጉድጓድ ነው። በቀን አሥር ጊዜ እታጠባለሁ። እንጀራ ስቆርስ እንኳ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። የወልደየሱስ ሚስት ገበያ ላይ አገኘችኝ። ልሰግድላት ስል «ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ።

ሰኔ 8

እስር ቤት ምግብ የሚያቀርብ ቤተሰብ ነው። ሸዋንግዛው ከእኔ በቀር ሰው የለውም። እስከ ትናንት ጎረቤት እየላከለት ነበር፤ እሱም ቆመ። እሑድ ጰራቅሊጦስ ነው፤ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ሥጋ ሠራሁለት። በጉን ከገበያ በእግሩ ሲሄድ አይቼ ነው የገዛሁት፤ ሲታረድም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ደሙ ቀይ ነበር፤ መሬቱ ላይ ሮጠ።

ጠባቂው እንደ ደንባቸው «ቅመሽ» አለኝ። ከሥጋውም ከመረቁም ቀመስኩ። ሳልጸየፍ ዋጥኩት።

ሸዋንግዛው ከስቷል፤ ጺሙ ነጭ ነጭ ሆኗል። «እጅሽ እንዴት ነው?» ሲል መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው። አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። አምስት ስድስት ሰው ያለበት ክፍል ነው፤ ሁሉም ወሬውን ያውቃሉ፤ ሁሉም ያዩናል። ሳህኑን ከፈትኩለት። ቆረሰ፤ ሥጋ ጨመረበት፤ ወደ አፉ አስጠግቶ ቆመ።

«ማነው ያረደው?» አለኝ።

አንዱ እስረኛ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም።

አልመለስኩለትም። መናገር እችል ነበር፤ ያረደውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ የደብሩ ዲያቆን አጎት ነው። ሸዋንግዛውም ስትቀምሺ አይቻለሁ ማለት ይችል ነበር። እሱም አላለም። ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ከዚያ መረቁ ያልነካውን የእንጀራውን ዳር ዳር እየቆረሰ ያንን ብቻ በላ። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት።